ከሐኪም እጅ ወደ ሳሎን ጠረጴዛ፦ በእንጨት ላይ በእሳት የመሣል ታሪክ

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ሣጥን ነው። ይኸው እጄ ላይ ነው። ከፊት የተቀመጣችሁ ታዩታላችሁ፤ ከኋላ ያላችሁ ሲጠናቀቅ ቀርባችሁ ልትመለከቱት ትችላላችሁ። ርዝመቱ ከክንድ ያንሳል፤ ነጣ ካለ ለስላሳ እንጨት የተሠራ የሴት ጓንት ማስቀመጫ ነው። በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ በጥቂት ገንዘብ ገዛሁት። ክዳኑ ላይ በጋለ ጫፍ የተሣሉ አበቦችና ቅጠሎች አሉ። በግራ በኩል ያሉት ጠቁረው በግልጽ ይታያሉ፤ በቀኝ በኩል ግን ፋብሪካው ያተመው ቀጭን የንድፍ መስመር ብቻ ቀርቷል። የሠራው ሰው መሃል ላይ ትቶታል። ስም የለውም፤ ዓመተ ምሕረትም የለውም።

ከዓመታት በኋላ ሣጥኑን ለአንድ የዕደ ጥበብ ስብስብ ላበረክት ጠይቄ ነበር። የተሰጠኝ መልስ ትሕትና ያልተለየው ቢሆንም አጭር ነበር፦ «እንዲህ ያለው ዕቃ በብዛት አለ፤ በዚያ ላይ የጀማሪ ሥራ ነው።» ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው፣ እነዚህ ሁለት እውነቶች ሣጥኑን ከታሪክ ምንጭነት የማያሰናብቱት ከመሆናቸውም በላይ ምንጭ የሚያደርጉት ራሳቸው እነርሱ መሆናቸውን ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ፈረንጆች «ፓይሮግራፊ» የሚሉት ጥበብ ስሙን ያገኘው እሳት እና መጻፍ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው። የእንጨትን፣ የቆዳን ወይም የቅልን ገጽ በጋለ ጫፍ እያቃጠሉ መስመርና ጥላ የማውጣት ሥራ ነው። ቀለም አይጨመርበትም፤ ጥቁሩም ቡናማውም ከራሱ ከእንጨቱ ይወጣል። እኔ በዚህ ንግግር «የእሳት ሥዕል» እለዋለሁ። ለሥራው የሚስማማ ግስ መፈለግ ግን ሩቅ አያስኬደንም፤ «መተኮስ» አለን። ጠመንጃ ይተኮሳል፤ ልብስ ይተኮሳል፤ ከብት ለምልክት ይተኮሳል፤ የታመመ ሰውም በባህል ሐኪም እጅ ይተኮሳል። ካውያ የሚለው ቃላችንም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን፣ የዓረብኛው ሥር ቁስልን በጋለ ብረት ማቃጠልንም ልብስ መተኮስንም አንድ ላይ ይይዛል። የሐኪሙን ብረትና የቤቱን ብረት በአንድ ግስ የያዙ ሁለት ቋንቋዎች ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ታሪክ ዋና ተዋናይ የሐኪም መሣሪያ ነውና።

በልጅነቴ ከብት ስንጠብቅ ዋሽንት የምንሠራው ሸምበቆ ቆርጠን፣ ቀዳዳዎቹን በጋለ ምስማር እየበሳን ነበር። በመካከላችሁ ይህን የሠራችሁ እንደምትኖሩ አልጠራጠርም። ምስማሩ ከፍም ወጥቶ ሸምበቆው ላይ እስኪደርስ ሙቀቱን ይጥላል። ስለዚህ ሦስት አራት ምስማር ፍሙ ውስጥ እንቀብርና አንዱ ሲበርድ ሌላውን እያነሣን እናፈራርቃለን። የመጀመሪያው ቀዳዳ ተቃጥሎ ይሰፋል፤ የመጨረሻው ተፍቆ ይሻክራል። ያኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ታላላቆቻችንም እንዲያ ነበር የሚሉን። ኋላ ላይ የእሳት ሥዕልን ታሪክ ሳነብ ግን፣ ይህ የቀዘቀዘ ምስማር ችግር ለብዙ ሺህ ዓመታት የጥበቡ ሁሉ ችግር ሆኖ እንደኖረ ተረዳሁ።

ጥበቡ በእርግጥም ጥንታዊ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪ ጁኒየስ በርድ ከ1946 ጀምሮ (ዓመታቱን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) በሰሜናዊ ፔሩ የባሕር ዳርቻ በዋካ ፕሪየታ ባካሄደው ቁፋሮ ካገኛቸው ዕቃዎች መካከል የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ትናንሽ ቅሎች ይገኛሉ። ሸክላ በዚያ አገር ገና ባልተለመደበት ዘመን የተሠሩ ናቸው። በፔሩ ተራሮች ቅል በእሳት ማስጌጥ ዛሬም ሕያው ሙያ ነው። ነገር ግን በዚህ አልቆይም፤ የያዝኩት ጥያቄ ጥበቡ መቼ ተጀመረ የሚል አይደለምና። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለባለሙያ ብቻ የተገባ የነበረ ሥራ፣ አንድም ቀን ሥዕል ተምሮ የማያውቅ ሰው በቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚያከናውነው መዝናኛ የሆነው እንዴት ነው?

በእንግሊዝ አገር ጥበቡ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይጠራ የነበረው በምድጃ መቆስቆሻ ብረት ስም ነበር። መሣሪያው ራሱ መቆስቆሻው ነበርና ስሙ ትክክለኛ ነው። በዴቨን ግዛት በኪንግስብሪጅ በ1751 የተወለደው ጆን ክራንች፣ ከቀለም ሥዕሎቹ ይልቅ ስሙን ያቆዩለት በዚህ ብረት የሣላቸው ሥዕሎች ናቸው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለቃ የነበሩት ዶክተር ጄምስ ግሪፊዝም በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ የጣሊያናዊውን ሠዓሊ የካርሎ ዶልቺን የመድኃኔ ዓለም ሥዕል በእሳት እንጨት ላይ ገልብጠው ለኮሌጁ ጸሎት ቤት ሠርተዋል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለቃ ቆስቋሽ ብረት ይዘው ምድጃ ሥር ተቀምጠው ሳስባቸው ደስ ይለኛል። በእኛ መካከል እንዲህ ያለ መምህር ቢገኝ ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ሁለቱም በምስማሩ ችግር ውስጥ ነበሩ። ብረት ከከሰል እሳት በወጣ ቅጽበት እጅግ ይፋጃል፤ እንጨቱን ሲነካ አጥልቆ ያከስለዋል። ከጥቂት አፍታ በኋላ ቡናማ መስመር ብቻ ያወጣል፤ ቀጥሎም ምንም አያወጣም። ባለሙያው ስለዚህ ሥራውን በብረቱ መቀዝቀዝ ልክ ማቀድ ነበረበት፤ ጥቁሩን ጥላ መጀመሪያ፣ ስሱን መስመር በኋላ። ፊትን የሚያህል ነገር ለመሣል የእያንዳንዱን ብረት ሙቀት ሳይነኩ በዓይን መለየት ይጠይቃል። ይህ በዓመታት ልምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ጀማሪን ከበር የሚመልሰውም የሥዕል ተሰጥኦ ማነስ ሳይሆን ይኸው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከሠዓሊ ቤት አልነበረም። ሐኪሞችም ያው ችግር ነበረባቸው። በ1000 ዓ.ም. ገደማ በእንዳሉስ የኖረው ታላቁ ሐኪም አል ዘህራዊ ስለ ቀዶ ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ለተኩስ ሰጥቶታል፤ ለየሕመሙ የሚያገለግሉትን ብረቶች ቅርጽም በሥዕል አሳይቷል። የእርሱ ብረቶች ከምድጃ ወደ በሽተኛው ሲመጡ እንደ ዋሽንታችን ምስማር ይቀዘቅዙ ነበር። ደም ለማቆም የሚተኩስ ሐኪም ደግሞ ብረቱ እጅግ ከጋለ ሥጋውን ይቀድደዋል፤ ከቀዘቀዘም ብረቱ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሲነሣ ደሙን እንደገና ያስጀምረዋል። የሚፈለገው አንድ ወጥ፣ የማይለዋወጥ ሙቀት ነበር።

እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ብትኖሩ ደስ ይለኛል። በ1817 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ አንድ አስደናቂ ነገር አስተዋለ፤ የጋለ የፕላቲነም ሽቦ ተቀጣጣይ ጋዝና አየር በተቀላቀሉበት ውስጥ ሲገባ፣ ነበልባል ሳይኖር እንደ ፍም ሆኖ ይቆያል። ፕላቲነሙ ራሱ አይነድም፤ በገጹ ላይ ጋዙ ከኦክስጅን ጋር እንዲዋሐድ ያደርጋል፤ ውሕደቱም ሙቀት ይሰጠዋል። ይህን ክሥተት ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ፓክለን በ1870ዎቹ አጋማሽ ወደ ሕክምና መሣሪያ ለወጠው። ጫፉ ውስጡ ባዶ የሆነ ፕላቲነም ነው። መጀመሪያ በአልኮል መብራት ላይ እስኪቀላ ይሞቃል። ከዚያ ሐኪሙ በአንድ እጁ የጎማ ኳስ እየጨመቀ አየርን በቤንዚን ዕቃ ውስጥ ያሳልፋል፤ የቤንዚን እንፋሎት ያዘለው አየር በጎማ ቧንቧ ወደ ጫፉ ይደርሳል። ኳሱ እስከተጨመቀ ድረስ ጫፉ አይቀዘቅዝም። ፈጠን አድርጎ ሲጨምቅ ይግላል፤ ሲያዘገይ ይለዝባል። የሚተኩስ ሰው የብረቱን ሙቀት ከምድጃው ተላቅቆ በጣቶቹ መዳፍ ውስጥ አገኘው።

መሣሪያው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ወደ ሥዕል ለመግባት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የቡሽ እጀታ፣ የጎማ ኳስ፣ የቤንዚን ጠርሙስ፣ ትንሽ የአልኮል መብራትና የፕላቲነም ጫፍ በአንድ ሣጥን ተደርጎ ለማንኛውም ሰው ይሸጥ ጀመር። በኒው ዮርክ ፍሌሚሽ አርት፣ በቺካጎ ሴየር ኤንድ ቻንድለር የተባሉ ድርጅቶች በካታሎግ ያሠራጩት ነበር። ሻጮቹ ከመሣሪያው ጋር ሌላ ነገር አቀረቡ፤ ንድፉ አስቀድሞ የታተመበት የጓንት ሣጥን፣ የመሐረብ ሣጥን፣ የፎቶ ፍሬም፣ የግድግዳ ጌጥ። ገዢው የሚጠበቅበት የታተመውን መስመር መከተል ብቻ ነው። ሙቀቱን የሐኪሙ መሣሪያ አቃለለው፤ ንድፉን ፋብሪካው አቃለለው። ለጀማሪ የቀረው የእጁ እርጋታ ነበር።

ያ ዘመን ያወጣው ሁሉ የጓንት ሣጥን እንዳይመስላችሁ። በ1858 የተወለደው አሜሪካዊ ሠዓሊ ጄ. ዊሊያም ፎስዲክ ፓሪስ የተማረ ሰው ሲሆን፣ በ1896 የቅድስት ጆአንን ክብር የሚያሳይ ታላቅ የግድግዳ ሥራ በእሳት ሠርቷል። ሥራው ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ፎስዲክ የእሳት ሥዕል ከዘይት ቀለም ጎን መቆም ይችላል ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ክርክሩን ግን አላሸነፈም። የተሸነፈበትን ምክንያት የሚመለከተው የእኔ አስተያየት፣ ጥበቡ በገዛ ስኬቱ ተጎዳ የሚል ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ሊሠራው የሚችል ሥራ፣ ያውም በአብዛኛው ሴቶችና ወጣቶች በቤታቸው የሚሠሩት፣ በዚያ ዘመን ሚዛን ጥበብ ሊባል አይችልም ነበር። ፎስዲክን ከጓንት ሣጥኑ የሚለይበት ቋንቋ ሐያሲው አላበጀም፤ ሁለቱንም በአንድነት ተወ።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የዓለም ፕላቲነም በአብዛኛው የሚወጣው ከሩሲያ የኡራል ተራሮች ነበር፤ ዋጋውም ከወርቅ በላይ ወጥቷል። ጦርነቱ ሲነሣ ለፈንጂ የሚያስፈልጉትን አሲዶች ለማምረት ተፈላጊ ሆነ። በመዝናኛ ሣጥን ጫፍ ላይ የሚባክን ማዕድን አልነበረም። በኋላም ኤሌክትሪክ በየቤቱ ሲገባ የጋለ ጫፍ ማግኘት ቀላል ሆነ፤ ቤንዚኑም ኳሱም አስፈላጊነታቸው አበቃ። የዛሬው ጀማሪ የሚጠቀመው ወይ የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃን የሚመስል ባለ አንድ ሙቀት ብዕር ነው፣ ወይም ሙቀቱ በማዞሪያ የሚስተካከልና ጫፉ ከቀጭን ሽቦ የተሠራ መሣሪያ። ሁለተኛው በመሠረቱ የፓክለን ልጅ ነው፤ ኳሱ ማዞሪያ ሆኗል።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልመለስና እንዴት እንደማነበው ላሳያችሁ። የእሳት መስመር ከቀለም መስመር የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ጊዜን ይመዘግባል። ጫፉ አንድ ቦታ ላይ የቆየበት ርዝመት የጥቁረቱና የጥልቀቱ መጠን ይሆናል። ጀማሪ መስመር ሲጀምር ብዕሩን እንጨቱ ላይ ያሳርፍና ከዚያ በኋላ ይነዳል፤ ስለዚህ በየመስመሩ መነሻ ላይ ጥቁር ነጥብ ይቀራል። ልምድ ያለው ሰው እጁን አየር ላይ እያለ ማንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ጫፉ እንጨቱን የሚነካውም የሚለቀውም በጉዞ ላይ ሳለ ነው፤ ነጥብም አይተውም። የሣጥኔ ክዳን ከግራ ጠርዝ ጀምሮ ሲታይ፣ የመጀመሪያው ቅጠል ዙሪያ እንደ በርበሬ ፍሬ በተበተኑ ነጥቦች የተሞላ ነው። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ነጥቦቹ ይቀንሳሉ። አምስተኛው ላይ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከዚያም አበባው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታተመው ንድፍ ውጭ የተጨመረ አጭር ጥላ አለ። ፋብሪካው ያንን ጥላ አላዘዘም። እኒህ ሰው በአንድ ክዳን ላይ ተምረዋል፤ በመማራቸውም መሃል የራሳቸውን ነገር ጨምረዋል። ዕርሳስ ቢሆን ይጠፋ ነበር፤ ቀለም ቢሆን ይሸፈን ነበር። እሳት ግን አይሰረዝም፤ እያንዳንዱ ስሕተት በቦታው፣ በቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። ስለ ተራ ሰዎች የመማር ሂደት እንዲህ ያለ ሰነድ የት ይገኛል? ከፎስዲክ የተጠናቀቀ ሥራ ይህን አላገኝም፤ ባለሙያው ስሕተቱን የጨረሰው ሌላ እንጨት ላይ ነውና።

ስለዚህ «በብዛት አለ» የሚለው መልስ ለእኔ እንቅፋት ሳይሆን ዕድል ነው። አንድ ሣጥን የአንድ ሰው ነው። መቶ ሣጥን ጎን ለጎን ቢቀመጥ ግን፣ ያው የታተመ ንድፍ በመቶ እጆች ሲነበብ የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ ሰዎች ከንድፉ እንደሚወጡ፣ የት ላይ እንደሚያቆሙ ማየት ይቻላል። ስብስቦች ጀማሪውን ጥለው ባለሙያውን ብቻ ሲያስቀሩ፣ የሚጠፋው ይህ ዓይነቱ ማስረጃ ነው። በእኛም አገር በእሳት ምልክት የተደረገባቸው ቅሎች፣ ዱላዎችና ማንኪያዎች ከየቤቱ በፕላስቲክ ዕቃ እየተተኩ ነው። የሚሰበስብ ሰው ቢመጣ፣ ያማሩትን ብቻ እንዳይመርጥ አደራ እላለሁ።

ከተማሪዎች አንዳንዶቻችሁ መሞከር እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። የታሪክ ሰው መሣሪያውን በእጁ ሲይዝ ምንጩን በተሻለ ያነባል ብዬ ስለማምን ደስ ይለኛል። እንጨት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መጥቆር ይጀምራል፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀትና በዝግታ ጀምሩ፤ መስመሩ ካነሰ ደግማችሁ ሂዱበት። ነጣ ያለና አንድ ወጥ ገጽ ያለው ጣውላ ምረጡ። የዓመት ቀለበቱ ጎልቶ የሚታይ ጣውላ ያስቸግራል፤ ብዕሩ በለስላሳው ይሰምጣል፣ በጠንካራው ላይ ይዘላል። ዝግባ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ዛፉ እየጠፋ ነውና ግን ከአናጺ ቤት ቁርጥራጭ ለምኑ እንጂ አታስቆርጡ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ንድፉን በእርሳስ ወይም በካርቦን ወረቀት አሳርፉበት። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ቫርኒሽ የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨት በፍጹም አታቃጥሉ፤ ጢሱ መርዛማ ነው። እኔ ራሴ የአሮጌ መሳቢያ ፊት ላይ ሞክሬ ሁለት ቀን ራሴን አሞኛል። መስኮት ክፈቱ፤ ጢሱን ጎንበስ ብላችሁ አትሳቡ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ላስጠንቅቅ። በኢንተርኔት ከማይክሮዌቭ ምድጃ በተፈታ ትራንስፎርመር እንጨት ላይ የመብረቅ ቅርጽ ሲያወጡ አይታችሁ ይሆናል። ቅርጹ በ1777 በጎቲንገን ያገኘው የጀርመናዊው የሊክተንበርግ ስም ተሰጥቶታል። ይህ ከእሳት ሥዕል ጋር የሚያገናኘው የእንጨቱ መቃጠል ብቻ ነው። ልምድ ያላቸውን ጭምር ብዙ ሰዎችን ገድሏል፤ የአሜሪካ የእንጨት ፈታዮች ማኅበርም በዝግጅቶቹ ላይ ከልክሎታል። ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ እዚያ ግን ሁለተኛ ስሕተት የለም።

በመጨረሻ ስለ ቀኙ የክዳኑ ክፍል። ለረጅም ጊዜ ሠሪው በድንገት የተነሣ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት በማጉያ መነጽር ስመለከተው ግን የመጨረሻው መስመር የተቆረጠ አይደለም። ከአበባው ወጥቶ ወደ ቀኙ ቅጠል ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጥቁር ነው፤ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ በጭንቅ የሚታይ ጭረት ሆኖ ወደ ሁለት ጣት ያህል ይቀጥላል። የሚሥለው እጅ ገና በመንገዱ ላይ ነበር፤ ቀድሞ የቆመው ኳሱን የሚጨምቀው እጅ ነው። ሣጥኑን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ መነጽሩም አብሮ አለ። ጭረቱን ለማየት ከመስኮቱ በኩል አዘንብሉት፤ ከላይ ከሚመጣ ብርሃን ሥር አይታይም። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።